ዝም ብላችሁ ጻፉ፤ ዛሬ ንግግር ነው

የአማርኛ መምህሩ ገቡ፤ ሰሌዳውን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና በትልቁ «ንግግር» ብለው ጻፉ። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። ከዚያ ዞር ብለው «ዝም ብላችሁ ጻፉ» አሉ። ስድሳ አምስት ተማሪ ደብተሩን ገለጠ። መምህሩም ጠርዙ ከተበላው ማስታወሻቸው ላይ ቀና ሳይሉ ማስጻፍ ጀመሩ። «ሀ. ጥሩ ተናጋሪ ከወረቀት አያነብም፤ አራት ነጥብ። ለ. ጥሩ ተናጋሪ ከአድማጮቹ ጋር ዐይን ለዐይን ይገናኛል፤ አራት ነጥብ።» አንዱ «ቲቸር፣ ዐይን በየትኛው አ ነው?» ስላላቸው ሁለተኛውን ነጥብ የጨረሱት ጀርባቸውን ሰጥተውን ሰሌዳው ላይ እየጻፉለት ነው። «ሐ. ጥሩ ተናጋሪ አድማጮቹን ያሳትፋል።» ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። «ጥያቄ በመጨረሻ!» አሉ። መጨረሻው ሳይደርስ ደወሉ ደረሰ።

ሰውየውን ለመውቀስ አልቸኩልም። ስድሳ አምስት ልጅ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ቆሞ ይናገር ቢባል ለአንዱ የሚደርሰው ጊዜ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጉሮሮውን እስኪጠርግ እንኳ አይበቃውም። ሦስት ሦስት ደቂቃ ይሰጣቸው ቢባል ደግሞ የሳምንቱ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሁሉ በንግግር ያልቃል፤ መጽሐፉ ግን እስከ ሰኔ ማለቅ አለበት። ርዕሰ መምህሩም ቢሆኑ መምህሩን በኮሪደር ሲያገኟቸው የሚጠይቋቸው «የትኛው ምዕራፍ ደረሳችሁ?» ብለው ነው። «ልጆቹ አፋቸውን ፈቱ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አለቃ እስካሁን አልተሾመም። ስለዚህ ንግግር እንደ ባዮሎጂ በኖት ይወሰዳል፣ እንደ ጂኦግራፊ ይሸመደዳል፣ በመጨረሻም «ከሚከተሉት ውስጥ የጥሩ ተናጋሪ ባሕርይ ያልሆነው የቱ ነው?» ተብሎ ይፈተናል። ክፍላችን ውስጥ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ለማለት የሚያልበው ልጅ አሥር ከአሥር አገኘ። ከጠዋት እስከ ማታ አፉ የማይከደነው አራት አመጣ፤ እሷንም የኮረጀው ከዝምተኛው ነው።

ምንባብ ሲሆን ደግሞ ሌላ ሒሳብ ይጀመራል። መምህሩ «ከዚህ ረድፍ ጀምረን አንቀጽ አንቀጽ እናነባለን» ካሉ በኋላ ምንባቡን የሚሰማ የለም። ሁሉም ከፊቱ ያሉትን ራሶች ቆጥሮ የራሱን አንቀጽ ያሰላል፤ የሒሳብ መምህራችን ዓመቱን ሙሉ ሲመኙት የኖሩት ቅልጥፍና የሚታየው እዚህ ነው። አንቀጹ ከተገኘ በኋላ በለሆሳስ ልምምድ ነው፤ ምላስ የሚያስር ቃል ካለ በእርሳስ ይሰመርበታል። ታዲያ መምህሩ አንዱን ረዥም አንቀጽ ለሁለት ሲከፍሉት ወይም አንዱን ልጅ «አንተ ትናንት አንብበሃል፣ ይለፈው» ሲሉት የረድፉ ሒሳብ በሙሉ ይፈርሳል። ሰባት ስምንት ልጅ በአንድ ጊዜ ገጽ ሲያገላብጥ የሚሰማው ኮሽታ እስከሚቀጥለው ክፍል ይደርሳል።

ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ሥራውን አቁሞ ያደምጥ እንደነበር አባቶቻችን ይነግሩናል። እኛ ዘንድ ቅንጫቢው ሲነበብ ግን በዛብህ የሚሞተው በነጠላ ሰረዝና በአራት ነጥብ መካከል ታፍኖ ነው። ከንባቡ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ «የበዛብህ አባት ማን ይባላሉ?» ይላል። «ቦጋለ መብራቱ!» ብሎ የጮኸው ተጨበጨበለት። ሰብለ ወንጌልን መውደድ ለምን ያን ያህል መከራ እንዳመጣበት የጠየቀም የተጠየቀም አልነበረም። አባቱን ካወቅን ይበቃናል፤ አገራችን ውስጥ ብዙ ነገር የሚጣራው በአባት ስም ነው።

ዘይቤዎችንም ተምረናል፤ ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት። እያንዳንዳቸው ትርጉም አላቸው፣ ከትርጉሙ ሥር ምሳሌ አለ፤ ምሳሌዋም ከታላቅ ወንድማችን ደብተር ጀምሮ ያቺው ናት። ግነት ምንድን ነው ሲባል ጣሪያ ጣሪያ የሚያየው ልጅ፣ ዕረፍት ላይ ስለ ትናንቱ ኳስ ሲያወራ ኳሷን ከስታዲየም አውጥቶ አዋሽ ይከታታል። ሰምና ወርቅ አልገባኝም ያለው ደግሞ የኋላ ወንበር ላይ በአንድ ቃል ሁለት ልጅ የሚሰድብ የተረብ ሊቅ ነው። መምህሩ ሳቁን ሰምተው «አንተ! ውጣ!» አሉት። በዚያ ዓመት ከክፍሉ ሁሉ ቅኔ የሚያውቀው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ቅኔ በምንማርበት ሰዓት ግን ሜዳ ላይ ተንበርክኮ ነበር።

እንግሊዝኛውን ያስተማረን ሰው አልነበረም፤ ፕላዝማ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለና ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው ትምህርት በሳተላይት ይመጣልን ጀመር። ቴሌቪዥኑ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ያድራል። ቁልፉን የሚይዘው ልጅ በክፍሉ ውስጥ ከአለቃው የሚበልጥ ሥልጣን ነበረው፤ እሱ ካረፈደ እንግሊዝኛም ያረፍዳል። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይናገራሉ፤ ከዚያ ሰዓቷ ሲደርስ እጃቸውን አጣምረው ከእኛ ጋር ተማሪ ይሆናሉ።

የፕላዝማዋ ሴት እምነት ግን የሚደንቅ ነበር። ፈጠን ባለ እንግሊዝኛ አንድ ነገር ታስረዳና «አሁን ከጓደኛችሁ ጋር ተወያዩ» ትላለች። ሠላሳ ሰከንድ ትሰጠናለች። እኛ በሠላሳ ሰከንዱ «ምንድን ነው ያለችው?» በሚለው ላይ እንወያያለን፤ እሱንም በአማርኛ። ሰከንዱ ሲያልቅ ፈገግ ብላ «በጣም ጥሩ! ሁላችሁም እንዳገኛችሁት እርግጠኛ ነኝ» ትላለች። እንደዚያች ሴት የሚተማመንብን ሰው ከዚያ ወዲህም አላጋጠመንም። ዘመድ እንኳ እንደሷ አይተማመንብንም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሷ ሰማይ ላይ ቀጥላለች፤ እኛ ጨለማ ውስጥ ቀርተናል። ከሩብ ሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመጣ ፈገግታዋ እዚያው ነው፤ «እስካሁን እንደተረዳችሁት» ብላ ትቀጥላለች። መምህሩ ቀስ ብለው «የት ላይ ነበረች?» ይሉናል። የት ላይ እንደነበረችማ እኛስ መቼ ያዝናት።

ከዚህ ሁሉ የተረፈን ሰዋስው ነው። አክቲቭ ቮይስን ወደ ፓሲቭ ቮይስ በመገልበጥ የሚደርስብን አልነበረም። የመጣውን ዐረፍተ ነገር እንገለብጣለን፤ ያልመጣ እንደሆን እየፈለግን እንገለብጣለን። አንድ ቀን ታዲያ የከተማችንን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ሊያዩ የመጡ ፈረንጆች በትምህርት ቤታችን በር ሲያልፉ አንደኛ የሚወጣውን ልጅ ገፍተን ከፊታቸው አቆምነው። ከፈረንጆቹ አንዱ መጸዳጃ ቤት የት እንደሆነ ጠየቀው። ልጃችን ደረቱን ነፍቶ «ፋይን፣ ቴንክዩ!» አለ። አጨበጨብንለት። ሰውየውም ጨዋ ስለነበር አብሮን አጨበጨበ፤ ችግሩን እንዴት እንደተወጣው እሱ ያውቃል።

አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከዚህ የባሰ መድኃኒት አግኝተዋል፤ በግቢው ውስጥ አማርኛ መናገር ክልክል ነው። አንዳንዱ በነጥብ ይቀጣል፣ አንዳንዱ በገንዘብ። ውጤቱ ልጆቹ እንግሊዝኛ መቻላቸው ሳይሆን ጥቅሻ መቻላቸው ነው፤ የዕረፍት ሰዓቱ ሜዳ ላይ በእጅ፣ በቅንድብና በከንፈር የሚወራው ወሬ ሥርዓተ ትምህርት ቢቀረጽለት ዲግሪ ያሰጣል። ወላጁ ግን ደስተኛ ነው። እንግዳ ቤት ሲመጣ እናት ልጇን ትጠራና «አማርኛ እኮ ይከብደዋል» ትላለች። ይህን የምትለው እያዘነች እንዳይመስላችሁ፤ የልጇን ሜዳልያ እንደምታሳይ ሴት ድምጿን ከፍ አድርጋ ነው። እንግዳውም «ወይ ጉድ፣ ታድለሽ!» ይላል። በሚቀጥለው ወር ለዚያው ልጅ፣ ቦሌ ተወልዶ ቦሌ ለሚያድገው ልጅ፣ አማርኛ አስጠኚ ይቀጠርለታል። አያቱ መጥተው ረዘም ያለ ምርቃት ሲያወርዱለት እናቱን ያያል፤ እናቱ በእንግሊዝኛ ትነግረዋለች፤ ልጁ ከወሬው መሃል የሚገባውን ያህል ወስዶ «አሜን» ይላል። «አሜን» ሁለቱም ቋንቋ ውስጥ ስላለች ተመስገን ነው።

ከነዚህ ሁሉ ትንሽ ሕይወት የነበረው ክርክር ነው። ርዕሱ ሁልጊዜ «ከእውቀትና ከሀብት የቱ ይበልጣል?» ነው፤ ካልሆነ «ከገጠርና ከከተማ»፣ እሱም ካልሆነ «ከውሃና ከእሳት»። ወገን የሚለየው በዕጣ ስለሆነ የባለሱቁ ልጅ ለእውቀት ይሟገታል፤ የመምህሩ ልጅ ለሀብት። (የመምህሩ ልጅ ይበልጥ ከልቡ ይከራከር እንደነበር ታዝቤያለሁ።) ተከራካሪው ይነሣና «የተከበራችሁ የዕለቱ ዳኞች፣ የተከበራችሁ የሰዓት ተቆጣጣሪ፣ የተከበራችሁ የትምህርት ቤታችን መምህራን፣ የተከበራችሁ የተቃራኒ ቡድን አባላት፣ የተወደዳችሁ ተማሪዎች፣ በቅድሚያ ይህንን ዕድል…» ሲል የሰዓት ተቆጣጣሪዋ ወረቀት ታነሣለች፤ አንድ ደቂቃ ቀርቷል። በቀረችው ደቂቃ «ባለንበት በ20ኛው ክፍለ ዘመን እውቀት…» ብሎ ይጀምራል። ወረቀቱን ከታላቅ እህቱ ነው የወረሰው፤ እህቱም ከጓደኛዋ። 21ኛው ክፍለ ዘመን ከገባ ሰንብቷል፤ ክርክሩ ግን አልሰማም።

ተቃራኒውም ወገን የሚያዳምጠው የለም። ሲናገር የሚያጨበጭበው የራሱ ቡድን ነው፤ ሲጨርስ የሚጮኸውም እሱው። «ተቃራኒ ቡድን እንዳለው…» ብሎ የሚጀምር መልስ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ መልሱ የተጻፈው ትናንት ማታ፣ ያውም ያኛው ምን እንደሚል ሳይታወቅ ነውና። እነዚያ ልጆች አድገው ዛሬ በየቴሌቪዥኑ ውይይት ላይ ክራቫት አስረው ሳያቸው ወዲያው ነው የማውቃቸው። በመጨረሻ ዳኞቹ ተነሡ። ደመወዝ ሊወጣ ሳምንት የቀራቸው ሦስት መምህራን ተመካክረው ለእውቀት ፈረዱ። ከዚያ አንደኛው ከባለሱቁ ልጅ ጋር ተጠጋግተው ሲያወሩ አየኋቸው፤ የስኳር ዱቤው ጉዳይ ነበር።

ሚኒ ሚዲያ የሚባልም አለን። ዕረፍት ላይ ማጉያው መጀመሪያ ይጮሃል፤ ውሾች ይሸሻሉ። ከዚያ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የስድሳ ዓመት ሰው ድምፅ አውጥቶ «ጤና ይስጥልን የተከበራችሁ አድማጮቻችን» ይላል። ይህ ልጅ ክፍል ውስጥ ቀጭን ድምፅ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። ማይክራፎን ሲይዝ ግን የዓለም ጉዳይ ሁሉ ይከብደዋል፤ «የ9ኛ ሐ ተማሪዎች መጥረጊያ እንድታመጡ» የሚለውን ማስታወቂያ እንኳ ጦርነት እንደሚያውጅ ሰው ነው የሚያነበው። ቀጥሎ «ይህን ያውቁ ኖሯል?» አለ፤ ስለ ቀጭኔ አንገት። ቀጥሎ የዕለቱ ጥቅስ፣ ከዚያ ለተመረጡ ተማሪዎች የተመረጠ ዘፈን። ዘፈኑ ሲጀመር ደወል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ የውሃ ቧንቧ ከተሰበረ ወር አልፎታል፣ የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በር የለውም፤ ይህን ያነሣ ዜና ግን አልሰማንም። ምክንያቱም ስክሪፕቱን መጀመሪያ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ያዩታል፤ ቀጭኔ ላይ ተቃውሞ ኖሯቸው አያውቅም።

የወላጆች ቀን የዓመቱ ማሳረጊያ ነው፤ ድንኳን ይጣላል፣ ወንበር ይሰለፋል፣ የክብር እንግዳ ይጠበቃል። የክብር እንግዳው ሁለት ሰዓት አርፍዶ ይመጣና «ብዙ ለማለት አልፈልግም» ይላል። ይህን ካለ በኋላ መቀመጫችሁን አስተካክሉ።

ግጥም የሚያነብ ልጅ ሳይንቀጠቀጥ ግጥም አይሆንም የሚል ሕግ ያለ ይመስለኛል። አንዱ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ፣ ግራ እጁን ወደ ሰማይ አድርጎ ስለ እናቱ ሞት አነበበ። አፈር እንደበላት፣ ዐይኖቿ እንደተከደኑ፣ እሱም በጎዳና እንደቀረ እያለቃቀሰ ተረከ። ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ፤ አንዲት መምህርት እንባቸውን ጠረጉ። እናትየው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ግራ ተጋቡ፤ ቀጥሎ ወደ አጠገባቸው ሴትዮ ጠጋ ብለው «እኔ እኮ ነኝ እናቱ» አሉ። ሴትዮዋ በሐዘን እጃቸውን ያዝ አድርገው «የእንጀራ እናቱ ነዎት?» አሏቸው። ልጁ አንደኛ ወጥቶ መዝገበ ቃላት ተሸለመ። ማታ እቤት ምን እንደተሸለመ ጎረቤት ሰምቷል።

ጭውውቱም መጣ። አባት የሆነው ልጅ ጥጥ በማስቲሽ አገጩ ላይ ለጥፏል፤ እናት የሆነውም ወንድ ነው፣ ምክንያቱም ይበልጥ ያስቃል ተብሎ። ከገጠር የመጣ ልጅ ከመጥፎ ጓደኛ ጋር ይገጥማል፣ ይጠጣል፣ ይታመማል፣ ይጸጸታል። ጸጸቱ ላይ ሲደርስ የአባትየው ጢም ወደቀ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ፤ ከዓመቱ ጥበብ ሁሉ ሕዝቡ ከልቡ የተቀበለው ያችን ጥጥ ነው። ልጁ ግን አልተበገረም፤ ጢሙን አንሥቶ ኪሱ ከተተና ምክሩን ቀጠለ። የእኛ ጭውውት አንድ ሽማግሌ መጥቶ «አያችሁ ልጆቼ» ካላለ አያልቅም።

ይህ ሁሉ ጨዋነት ከየት መጣ ብሎ ለሚገረም፣ ታሪኩ ሩቅ አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ቲያትር የሚባለው የተክለሐዋርያት ተክለማርያም «ፋቡላ» ነው። ሩሲያ ተምረው የመጡት ሰው መኳንንቱን ጋብዘው፣ በእንስሳት ተረት አሳበው የሹማምንቱን ጉቦኝነት ፊት ለፊታቸው አሳዩ። መኳንንቱ የመጡት ሊዝናኑ ነበር፤ እንስሳቱ ግን የሚያውቋቸውን ሰዎች መሰሏቸው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የነበረው ምላሽ ቀላል ነው፤ ቲያትር ታገደ። በኋላ ነፍስ የዘራውም ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው መምህራን ነበሩ፣ ተዋናዮቻቸውም ተማሪዎቻቸው። ከዓመታት በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ ይገኙበት በነበረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ የሚባል ተማሪ በ1953 ዓ.ም. «ድሃው ይናገራል» የሚል ግጥም አቀረበ። ርዕሱ ራሱ ይበቃል። ከዚያ በኋላ የኮሌጅ ቀን ግጥም የባለሥልጣናትን ሆድ የሚቆርጥ ነገር ሆነ። እኛ ታዲያ ከአባቶቻችን የወረስነው መድረኩንና ድንኳኑን ነው፤ የቀረውን ለጥንቃቄ ትተነዋል። ዛሬ የትምህርት ቤት ጭውውት ደፍሮ የሚያወግዘው የወባ ትንኝን፣ ሱስንና የሚያረፍድ ተማሪን ነው። ሦስቱም መልስ አይሰጡም።

በዓመቱ መጨረሻ ፈተና አለ። በብሔራዊው ፈተና ደግሞ አፍ አያስፈልግም፤ እጅ ይበቃል። የእንግሊዝኛ ንግግር ችሎታህም ቢሆን የምትገልጸው «ሀ እና ለ እንዲህ ተባባሉ፣ ሐ ምን ይመልስ?» ለሚለው ከአማራጮቹ አንዱን በመምረጥ ነው። የ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውስጥ ግማሹን ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ደነገጠ፤ በሚቀጥለው ዓመት 3.2 ሲሆን ለመደንገጥ የተለማመድን ስለነበርን ብዙም አልከበደንም። ስለ ምክንያቱ የተደረጉት ንግግሮች ግን ብዙ ነበሩ። ሁሉም ከወረቀት ተነበቡ።

ካርድ ላይ «የክፍል ኃላፊ መምህር አስተያየት» የምትል ጠባብ መስመር አለች። የአንዱ ጓደኛችን ላይ «ወሬ ያበዛል፤ ወላጅ ይምጣ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከሰፊው የንግግር ትምህርት ስለ መናገሩ የተሰጠው አስተያየት ይኸው ነበር። አባቱን ማምጣት ራስን ማጥፋት ነው። ስለዚህ ብዙዎች የሚያደርጉትን አደረገ፤ ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ ጥላ ሥር ከሚቀመጡት ደላሎች አንዱን በሃምሳ ብር አጎት አድርጎ ተከራየ። ከእሳቸው ጋር የተዋዋለው ጥቂት ነገር ነው፤ «አባቱ ክፍለ ሀገር ነው፣ ሁለተኛ አይለምደውም» ብለው ፈርመው እንዲወጡ።

ጋሼ ኮታቸውን ቆልፈው ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ገቡ። ዩኒት ሊደሩ የልጁን ጥፋት ዘርዝረው ሳይጨርሱ ሰውየው በረዥሙ ተነፈሱ፤ ቆባቸውን አወለቁ። ስለ ወንድማቸው ልፋት፣ ስለ ተሸጠችው ላም፣ ለዚህ ልጅ ስትል ጾሟን ስለምታድር እናት ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ። አንድ ወረቀት አልያዙም። ላሟ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ውል ውስጥ ያልነበረ ጥፊም ለልጁ አቀመሱት። ልጁ ከልቡ አለቀሰ፤ ስለ ላሟ ይሁን ስለ ጥፊው አልታወቀም። ዩኒት ሊደሩ ከወንበራቸው ተነሥተው «ይተዉት ጋሼ፣ ልጅ ነው፣ ይስተካከላል» እያሉ አጎትየውን ማጽናናት ያዙ። ሻይ ታዘዘ። ከሻዩ ጋር ወሬው ሰፋ፤ ኑሮ ተነሣ፣ የቤት ኪራይ ተነሣ፣ ዩኒት ሊደሩ አከራያቸው ሊያስወጧቸው መሆኑን አነሡ።

«አንድ ዘመድ አለኝ፤ ሰርቪሱን ሊያከራይ ነው» አሉ ጋሼ፣ ቆባቸውን መልሰው እያጠለቁ። «መብራትና ውሃ ለብቻ ነው፣ ግቢው ጸጥ ያለ።»

ልጁ የዚያን ዕለት ይቅር ተባለ። ቅዳሜ ዩኒት ሊደሩ ቤቱን አይተው ወደዱት። ኮሚሽኑን ጋሼ ከአከራይም ከተከራይም ተቀበሉ፤ ልጁን ግን ለጥፊው ሃያ ብር ጭማሪ ጠይቀውታል።